ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኮሎምበስ፦ የጁላይ 4 የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ ማታ፣ ሰኔ 25

ሁለተኛው ድፎ ዳቦ ከምድጃ የወጣው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቤቱ በሙሉ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይላል። ኮባ ስለሌለን እናቴ በመጋገሪያ ወረቀት ነው የጠቀለለችው። «ሽታው ትንሽ ይጎድለዋል እንጂ መልኩስ ደህና ነው» አለች። ሁለቱንም በነጠላ ሸፍና ጠረጴዛው ላይ አሳደረቻቸው።

ነገ ጠዋት ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ እንነዳለን። እኔ፣ እናቴና የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ። ባለቤቴ የሆስፒታል ሠራተኛ ስለሆነ በዓል የለውም፤ እሱ ይቀራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሎምበስ 400 ማይል ገደማ ነው።

በጁላይ 4 ሳምንት ብዙ ሐበሻ የሚጓዘው ወደ ኳሱ ነው። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ውድድር ነው። ከኳሱ ይልቅ የጠፋ ዘመድና የጠፋ ጓደኛ የሚገኝበት ቦታ ነው ብል ይቀለኛል። እኔም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ዘንድሮ ግን ሌላ ቦታ መሄድ ነበረብኝ።

ስድስት ኪሎ አራት ሆነን አንድ ዶርም ውስጥ ሦስት ዓመት ኖረናል። አንድ ሳሙና ለአራት፣ አንድ ኖት ለአራት። ፈተና ሲደርስ ቸከላውም በጋራ ነበር። አሁን አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ቺካጎ፣ አንዷ ኮሎምበስ፣ እኔ ሜሪላንድ ነን። የኮሎምበሷ እናቷ ያረፉት በገና ዕለት ነው። ወረቀቷ ስላላለቀ አገር ቤት ገብታ መቅበር አልቻለችም። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን በረዶ ነበር፣ ሥራ ነበር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ነበር። በስልክ አለቀስን። ገንዘብ ላክሁ። በአንድ ቀን በሚነዳ መንገድ ላይ ሆኜ ለቅሶ አልደረስኳትም።

ከዚያ ወዲህ በተደዋወልን ቁጥር የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ፣ ስለ እንጀራ ዋጋ። ስለ እናቷ አንስተን አናውቅም።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ነገሩን ስነግራት «እስካሁን?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ጣቶቿን ስትቆጥር አየኋት፤ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ። «መንፈቋ እኮ ደርሷል» አለች። በማግስቱ ዱቄት አስገዛችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ከቤት የወጣነው ጎሕ ሲቀድ ነው። 270 ቁጥር ሃይዌይን ይዘን እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ 70ን ወደ ምዕራብ። የበዓል ዋዜማ ስለሆነ መንገዱ ከማለዳው ተጨናንቋል። ሄገርስታውንን እስክናልፍ ልጄ ተኝታለች። እናቴ ግን ዐይኗን አልከደነችም። ውዳሴ ማርያሟን ደገመች፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ማየት ያዘች።

ሃንኮክ ላይ ሜሪላንድ እንደ አንገት ትቀጥናለች። በሰሜን ፔንስልቬንያ፣ በደቡብ ፖቶማክ ወንዝና ዌስት ቨርጂኒያ። በመካከል የቀረው መሬት ሁለት ማይል እንኳ አይሞላም። እዚያ ጋ ሁለት ምርጫ አለ። ወይ 70ን ይዞ ወደ ፔንስልቬንያው የክፍያ መንገድ መውጣት፣ ወይ 68ን ይዞ በተራራው መሄድ። እኔ 68ን ነው የምወደው። ክፍያ የለውም። ደግሞም ሳይድሊንግ ሂል አለ።

ሳይድሊንግ ሂልን ያላየ ሰው አንድ ቀን ይይ። ተራራውን እንደ ዳቦ ለሁለት ገምሰው ነው መንገዱን ያሳለፉት። የተቆረጠው 340 ጫማ ይወርዳል፤ ከመቶ ሜትር በላይ ማለት ነው። የተቆፈረው በ1980ዎቹ ነው። ግድግዳው ላይ የድንጋዩ ንብብር ግራጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር እየሆነ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ታች ታጥፎ ይታያል። ተራራ አናት ላይ ሸለቆ የመሰለ ንብብር! ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። መሃል ላይ የነበረው ድንጋይ ጠንካራ ነበር። ዙሪያው በዘመን ብዛት ተሸርሽሮ ሲሄድ እሱ ቆሞ ቀረ።

ከማረፊያው ወርደን ከላይ ሆነን አየነው። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች።

«ዓባይ በረሃን ከጎኑ ያየሁት መሰለኝ» አለች።

ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ እንደተሻገረችው እሷም አታውቀውም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል፣ ከወንዙ ሽቅብ ወደ ደጀን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያደረሰችኝ በዚያ መንገድ ነው፤ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመከፈቱ በፊት፣ በአሮጌው ድልድይ። አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ እጄን ይዛ ዐይኔን እንድጨፍን ትነግረኝ ነበር። ዛሬ እኔ እየነዳሁ እሷ ከጎኔ ተቀምጣለች።

ከከምበርላንድ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ይህ አገር በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የመጀመሪያውን ታላቅ መንገድ ወደ ምዕራብ መዘርጋት የጀመረው ከዚችው ከተማ ነው፣ በ1811። ዛሬም 40 ቁጥር ሆኖ ከሃይዌዩ ጎን ጎን ይሄዳል። ይህን ለልጄ እያስረዳሁ ሳለ የጎማ መብራት በራ። አየሩ እየቀነሰ ነው። የምሄድበት መንገድ ዳገት፣ ከኋላዬ ከባድ መኪና። እጄ ላበ።

ፍሮስትበርግ ላይ ወጣሁ። ስኮርት ጎማ አለኝ፤ ክሪክም አለኝ፤ ግን እናትና ልጅ ይዤ መንገድ ዳር ጎማ መቀየር አልፈለግሁም። ቀስ እያልኩ አንዲት ትንሽ የጎማ ቤት ደረስኩ። ለበዓል ሊዘጉ ሲሰናዱ ነው የደረስነው። አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጎማውን ፈትቶ ሚስማሩን አወጣና አሳየን፤ የጣት ግማሽ ያህላል። ሲለጥፈው ልጄ አጠገቡ ቆማ ታያለች። ሦስት ሰው ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እናቴን አይቶ ነው መሰለኝ እኛን አስቀደመን።

እናቴ ባዶ እጇን መለየት አልሆነላትም። ድፎዎቹ ደግሞ አይነኩም። ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ሁለት እፍኝ ሰጠችው። አንዱን ቀምሶ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀሪውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «ለልጆቹ ሊወስድ ነው» አለች እናቴ፣ ደስ ብሏት።

ከፍሮስትበርግ ትንሽ እልፍ ሲሉ አንድ ምልክት አለ። ውሃ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚለያይበት ቦታ ነው፤ ከፍታው 2,610 ጫማ። ከምልክቱ በምሥራቅ የዘነበ ዝናብ ወደ ፖቶማክ ወርዶ አትላንቲክ ይገባል። በምዕራብ የዘነበው ኦሃዮን፣ ከዚያ ሚሲሲፒን ይዞ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል። በሜትር 800 እንኳ አይሞላም። ደብረ ማርቆስ የዚህን ሦስት እጥፍ ከፍ ትላለች። ልጄ ይህን ለአያቷ ስትነግራት እናቴ ኮራ አለች። «ከጮቄ የሚወርደውስ? ስንት አገር ያጠጣል!» አለቻት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ጮቄ ተራራ አወራቻት። እኔ ያልሰማሁት ነገር ነበረበት።

ሞርጋንታውን፣ ከዚያ 79፣ ከዚያ እንደገና 70። ዊሊንግን አልፈን ኦሃዮ ገባን። መሬቱ እየተዘረጋ፣ በቆሎው እየበዛ ሄደ።

ኮሎምበስ ልንገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን እናቴ «አቁሚልኝ» አለች። ነዳጅ ማደያ ገብቼ አቆምኩ። ነጠላዋን አውልቃ አዘቀዘቀችው፤ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ለበሰች። «የለቅሶ ቤት ነው የምንገባው» አለችኝ። ለእኔም አዘቀዘቀችልኝ። ልጄ ምንም አልጠየቀችም።

ጓደኛዬ በሩን ስትከፍት ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ እንግዳ መቀበያ ፈገግታ። የእናቴን ነጠላ ስታይ ጠፋ። እናቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ገባች፣ አቀፈቻት። «እናትሽን አውቃቸዋለሁ» አለቻት። «በምርቃታችሁ ቀን ከጎኔ ነበር የተቀመጡት። ጃንጥላቸውን ለሁለት ይዘናል።»

ጓደኛዬ ያኔ አለቀሰች። በስልክ የሰማሁት ዓይነት አይደለም። ባሏ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከገና ወዲህ እንዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ልጆቹን ታበላለች። ከእሷ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ቤቷ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሏት አያውቅም ነበር።

እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር የመጣሁት። ምንም ማለት አላስፈለገኝም። መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ስላት ራሷን ነቀነቀችና እጄን ያዘች።

ማታ ሌላ ነገር ገጠመን። ኮሎምበስ ትልቁን ርችት የምትተኩሰው በዋዜማው፣ ጁላይ 3 ነው። መሃል ከተማ፣ ሳዮቶ ወንዝ ዳር። እኛ ሩቅ ነበርን፤ ግን የሰፈሩ ሰውም በየጓሮው ይተኩሳል። የመጀመሪያው ሲፈነዳ እናቴ ከወንበሯ ተነስታ ልጆቹን ከመስኮቱ ሳበቻቸው። ርችት መሆኑን ነገርኳት። ታውቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ስናወራው ነበር። ሰውነቷ ግን አላመነም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደብረ ማርቆስ የሰማችው ድምፅ ርችት አልነበረም። እኔም በስልክ «ደህና ናችሁ?» ስላት «ደህና ነን» ነበር የምትለኝ።

መጋረጃ ዘጋን፤ ጓደኛዬ ቡና አፈላች። እናቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ድምፁ በመጣ ቁጥር የስኒውን እጀታ ጠበቅ ታደርጋለች። ልጄ ሄዳ ጉያዋ ውስጥ ገባች። ርችቱ እስኪያበቃ እዚያው ቆየች።

ሌሊቱን እናቴና ጓደኛዬ አንድ ክፍል አደሩ። ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ምን እንደሚሉ አልሰማሁም።

አርብ፣ ሰኔ 27

በዓሉ ዛሬ ነው። ግን አርብ ነው፣ የሰኔ ጾምም ነው፣ ደግሞም መድኃኔዓለም ነው። የሰኔን ጾም ብዙ ሰው የቄስ ጾም ነው ብሎ ያልፈዋል። እናቴ ግን አታልፈውም፤ እኛም እሷ ባለችበት አላለፍነውም። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ሲጠብስ እኛ የበቆሎ እሸት ጠበስን። እንጉዳይ፣ ድንች፣ ቃሪያ። የጓደኛዬ ባል ከሰሉን አያይዞ በካርቶን ሲያራግብ የክረምት አዲስ አበባ መንገድ ዳር መሰለኝ። ዝናቡ ብቻ ነው የቀረው። ሙቀቱ ከባድ ነበር።

ጠዋት ቀድመን ሞርስ መንገድ ወርደን ነበር እሸቱንና ቡናውን ለመግዛት። በዚያ በኩል ሶማሌውም ሐበሻውም ሱቁን ደርድሯል። ከአሜሪካ ከተሞች በሶማሌ ብዛት ኮሎምበስን የምትበልጣት ሚኒያፖሊስ ብቻ ናት ይባላል። እናቴ አንዲት የሶማሌ ሴት ሱቅ ገብታ ዕጣን ስታሸት ቆየች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። በዕጣን ግን ተግባቡ። ሁለት ዓይነት ገዝታ ወጣች።

የቺካጎዋ የደረሰችው ከቀትር በኋላ ነው። በር ላይ ሦስታችን ተያይዘን ቆምን። ከተመረቅን አሥራ አራት ዓመታችን ነው፤ ሦስታችን በአንድ ቤት ስንገኝ የመጀመሪያችን። ለአዲስ አበባዋ በቪዲዮ ደወልንላት፤ እዚያ መሽቷል። መብራት ጠፍቶባት በሻማ ብርሃን ነው ያየናት። «አራተኛውን አልጋ ያዙልኝ» አለች። ከዚያ ሦስት ቡና ሙሉ ስለ ዶርማችን ተወራ። ስለ ስፔስ (የማጥኛ ክፍሉ) ወንበር አያያዝ፣ ስለ ካፌው ሽሮ፣ በዝናብ ስለሚያፈስሰው ኮሪደር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ።

ልጄ ለአያቷ የበዓሉን ምክንያት ነገረቻት። በ1776 አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ንጉሥ «እንለያለን» ብለው በወረቀት የጻፉበት ቀን ነው አለቻት። እናቴ በጥሞና ሰማችና «ታዲያ ወረቀቱ ላይ የፈረሙት ሁሉ ተረፉ?» አለች። ልጄ አላወቀችም። እኔም መልሱን ሳልሰጣት ቀረሁ።

ማታ ርችቱ እንደገና ሲጀምር እናቴ በር ላይ ወጥታ ቆመች። «ሰማይ ላይ ሳየው ይሻላል» አለች። ጥቂት አየች። አረንጓዴና ቀይ ሲሆን ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ገባች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ሆኪንግ ሂልስ ሄድን። ከኮሎምበስ በደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ገደሉ፣ ጫካው፣ ዋሻው ሁሉም እዚያ ነው። ለእናቴ ጉልበት ብለን የመረጥነው አሽ ኬቭን ነው። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ አጭርና ለጥ ያለ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ሳይቀር ያስኬዳል።

ጫካው ውስጥ ሲገቡ ሙቀቱ ይቀራል። ከዚያ ድንጋዩ ከፊት ይገለጣል። ዋሻ ይባል እንጂ ከላይ ያጎነበሰ ግዙፍ ገደል ነው። ከዳር እስከ ዳር 700 ጫማ፣ ከፍታው 90፣ ወደ ውስጥ ደግሞ 100 ያህል። ከአፋፉ ቀጭን ውሃ ይንጠባጠባል። ስሙን ያገኘው መጀመሪያ የደረሱ ሰፋሪዎች ከስሩ ባገኙት የአመድ ክምር ነው። ከእነሱ በፊት የአገሩ ተወላጆች እሳት የሚያነድዱበት ቦታ ነበር።

እናቴ ከመግቢያው ላይ ቆመችና አማተበች። «ነአኩቶ ለአብ!» አለች።

እውነቷን ነው። ላሊበላ ገናን ልትሳለም ሄዳ ነአኩቶ ለአብን ተሳልማለች። ቤተ ክርስቲያኑ እንዲሁ ያጎነበሰ ዋሻ ሥር ነው ያለው። ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ በድንጋይ ገበታ ይቀበሉታል፤ ጸበል ነው። እዚህ ገበታ የለም። ውሃው አሸዋ ላይ ይወድቃል። እናቴ መዳፏን ዘርግታ ጠብታ ተቀበለች፤ የጓደኛዬን ግንባር አበሰችላት፣ ከዚያ የልጆቹን። አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ያዩናል፤ ማንም ምንም አላለም።

አሸዋው ላይ ተቀምጠን በሶ በጠበጥን። ጓደኛዬ እዚህ ከተማ ስምንት ዓመት ኖራ ይህን ቦታ አይታው አታውቅም ነበር። ቅዳሜም ትሠራለች።

እሑድ፣ ሰኔ 29

ቅዳሴ ሌሊት ነው የገባነው። በዓለ ወልድ ነው፤ መንፈቁም ዛሬ ነው። ሁለተኛው ድፎ ለዚህ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ባረኩት። እናቴ ቢላውን ለጓደኛዬ ሰጠቻት። «ያንቺ እናት ናት፤ አንቺ ቁረሽ» አለቻት። ቆረሰች። ከዚህ በፊት የማያውቋት ምዕመናን ሁሉ ዳቦውን እየተቀበሉ «ነፍስ ይማር» አሏት። ስንት ጊዜ እንደሰማችው አልቆጠርኩም። ብዙ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ተሰናበትን። የቺካጎዋ ወደ ምዕራብ፣ እኛ ወደ ምሥራቅ። መኪናው ውስጥ እናቴ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለችው።

ዊሊንግ ላይ ወርደን የተንጠልጣዩን ድልድይ ከወንዙ ዳር አየነው። በ1849 ሲሠራ በዓለም ረጅሙ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር። አሁን መኪና አያልፍበትም። ኦሃዮ ወንዝ ዝም ብሎ ይፈስሳል። እናቴ «ይኼ ነው የዚያ ምልክት ውሃ?» አለች። አዎ አልኳት።

ሞርጋንታውንን ስናልፍ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ናት። ደርሰን እንደሆነ ልትጠይቅ መሰለኝ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት።

«እማዬ አንድ ጊዜ ምን እንዳደረገች ነግሬሻለሁ?» አለችኝ። ከዚያ ጀመረች። እናቷ ለዩኒቨርሲቲ መላኪያ በግ ስለሸጡበት ገበያ፣ ከገዢው ጋር ስለተከራከሩት፣ በግዋን መልሰው ስለገዙበት ነገር። እናቴ ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔ ይህን ታሪክ በሦስት ዓመት ዶርም ሰምቼው አላውቅም።

ተራራው ውስጥ መስመሩ ተቋረጠ። ፍሮስትበርግን አለፍን፣ ጎማ ቤቱ ዝግ ነው። ከምበርላንድን ወርደን፣ ሳይድሊንግ ሂል ከፊታችን ለሁለት ተከፍሎ ሲታይ ስልኩ እንደገና ጠራ።

«የት ጋ ነበርኩ?» አለች።